በራፌ ላይ የሰቀልኩት መንፈስ

ሴት በሴት ስትቀና አይታችኋል። በፈንዲሻ የቀናች ሴት ካላያችሁ ግን እኔን እዩኝ። ግድ የለም፣ ሳቁ። እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን አንጀቴ ነበር የሚያርረው።

ስሜ ኔልዳ ነው። ሃምሳን አልፌያለሁ። ባሌ ከሞተ ቆይቷል። ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ለልጆች ምሳ አበስላለሁ። ከተማችን ኦሃዮ ውስጥ ናት፤ የባቡር ሐዲድ መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ያልፋል። ከሐዲዱ በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ የጡብ ቤት ያላቸው ይኖራሉ። ከሐዲዱ በታች ደግሞ እኛ፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር ሳህናችን የሚንቀጫቀጭብን።

ኤሜት ሃሎራን የላይኛው ሰው ነው። ከአባቱ የወረሰው የሚስማርና የቀለም መደብር አለው። እሱም ሚስቱን ቀብሯል። ቁመቱ ዘለግ ያለ ነው፤ ሲያፍር ጆሮው ይቀላል። የወደድኩት ያንን ጆሮ ነው ብል ማን ያምነኛል? ብርቱካናማ ቀለም ልገዛ ሄድኩ፤ ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ለሃሎዊን ቅርጫት ነው አልኩት። በማግስቱ ቀለሙ እንዴት እንደያዘ ልየው ብሎ ቤቴ ድረስ መጣ። በሳምንቱም መጣ። ቀለም ሲደርቅ ለማየት ይህን ያህል የሚመላለስ ሰው አይቼ አላውቅም።

ኦክቶበር ሲገባ፣ ልጆች ጠንቋይና አጽም መስለው ከረሜላ የሚለምኑበት የሃሎዊን ምሽት ሳይደርስ፣ እኛ ዘንድ ሰው ለጎረቤቱ ቅርጫት ይሠራል። ሲመሻሽ ደጃፉ ላይ ያስቀምጥለታል፣ ደወሉን ይደውላል፣ ከዚያ እግሬ አውጪኝ ብሎ ይሮጣል። የደረሰው ሰው ከነጭ ወረቀት መንፈስ ቆርጦ በራፉ ላይ ይሰቅላል። ለኔ ደርሶኛል፣ ለሌላው ስጡ ማለቱ ነው። መንፈስ የተሰቀለበትን ደጅ ማንም አይነካም፤ ይታለፋል። የደረሰውም በተራው ለሌሎች ይሠራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከተማው ሁሉ ነጭ በነጭ ይሆናል።

የኔ ቅርጫት ርካሽ ነው፤ አላፍርበትም። ባዶ የቡና ቆርቆሮ ቀለም ቀብቼ ዓይንና ጥርስ እስልበታለሁ፤ ማንጠልጠያውን ከሽቦ እሠራለታለሁ። ውስጡን ጋዜጣ ቀዳድጄ እጎዘጉዝና ፖም፣ ከተረፈ ክር የሠራሁት ካልሲ፣ ጥቂት ከረሜላ እከትበታለሁ። ከላይ ደግሞ እጁ ይቀመጣል። እጁ የፈንዲሻ ነው። ወጥ ቤት የምናጠልቀው ዓይነት ስስ ጓንት ትወስዳላችሁ፤ በየጣቱ ጫፍ ያቺን ነጭ፣ ብርቱካናማና ቢጫ የሆነች የበቆሎ ፍሬ የምትመስል ከረሜላ ለጥፍር ትከታላችሁ፤ ፈንዲሻ እስከ አንጓው ትሞሉና በጥብጣብ ታስራላችሁ። መጨረሻ ላይ አንድ ጣት ላይ ሸረሪት ያለባት የላስቲክ ቀለበት። ልጆች ያብዱበታል።

ኤሜት አንድ ምሽት እኔ ቤት ተቀምጦ መጀመሪያ የሠራትን እጅ ሳይ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም።

"ኧረ ሚስተር ሃሎራን! ጥፍሩን ገለበጡት እኮ!"

"የቱን?"

"ሁሉንም! ሹሉ ነው ወደ ውጭ መሆን ያለበት። እኔ የጠንቋይ እጅ አልኩ፣ እርስዎ የዳክዬ እግር ሠሩ።"

"ዕድሜ ልኬን ሚስማር ስሸጥ ሹሉ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው" አለ፣ ጆሮው ቀልቶ። "ደግሞ ኤሜት በይኝ አላልኩሽም?"

"ሚስማር የምገዛበትን ሰው በስሙ አልጠራም።"

"አሁን ሚስማር እየገዛሽ አይደለም።"

"ነገ እገዛለሁ።"

እሱ የጓንቱን አፍ ከፍቶ ያዘልኝ፣ እኔ ፈንዲሻውን አፈሰስኩ። ጣቶቹ ከጣቶቼ ጋር ተነካኩ። ቀና ብዬ ባየው እሱም እያየኝ ነበር። ፈንዲሻው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ፤ ሁለታችንም አላነሳነውም።

"ላንቺስ? አምና ማን አመጣልሽ?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ማን ያመጣል? የላይኞቹ ሐዲድ አይሻገሩም። የታችኞቹ ደግሞ ኔልዳ ራሷ ትሠራ የለ፣ ምን ይጎድላታል ይላሉ።"

ጓንቱን አስቀምጦ ኮቱን አነሳ። ግን ሲወጣ ከሳህኑ ላይ አንዲት የሸረሪት ቀለበት አንስቶ ኪሱ ሲከታት አየሁት። እንዳላየ ሆንኩ። ያን ምሽት ወለሉን ስጠርግ የተገለበጠ ጥፍር ያላትን እጅ ወደ ቆሻሻ ልጥላት አነሳኋትና መልሼ መስኮቴ ላይ አስቀመጥኳት። እጅ ሰላም ሲለኝ እንደማደር ያለ ነገር ነበር።

ከዚያ መጠበቅ ጀመርኩ። መጠበቅ የማልችል ሴት ነኝ፤ ሽንኩርት እስኪቀላ እንኳ አልጠብቅም። ሰፈሩ በየቀኑ ነጭ እየለበሰ ሄደ። የኔ ደጅ ባዶ ነው። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መጋረጃ እገልጣለሁ። ጎረቤቴ ፐርል፣ ዕድሜዋ ሰባ ያለፈ፣ ምላሷ ግን ገና ሃያ ዓመቷ፣ አጥር ላይ ተደግፋ ጠበቀችኝ።

"አንቺ፣ ያ ባለ ጡቡ ሰውዬሽ ረሳሽ እንዴ?"

"ሰውዬዬ አይደለም።"

"ታዲያ መጋረጃሽ ምን አድርጎሽ ነው ቀኑን ሙሉ የምታሰቃዪው?"

"ፐርል፣ ቅጠልሽን ጥረጊ።"

"እኔስ እጠርጋለሁ። ለኔ እንኳ፣ ለዚች አሮጊት፣ ደርሶኛል። ላንቺ ምነው? ወይስ የላይ ሰው ጫማው እንዳይቆሽሽ ፈርቶ ነው?"

ምላሴን ነክሼ ገባሁ። የበሰለ ነገር ሁሉ ቅርጫት ሆኖ ሰው ደጅ ሲቀመጥ፣ ለኔ ደጅ አንድ ፖም እንኳ አልተረፈም። መታዘን ደግሞ አልወድም፤ ከሚያዝኑልኝ ቢረግሙኝ ይሻለኛል። የወረቀት ሳህን አነሳሁ፣ ሁለት ዓይን በጥቁር ቀባሁ፣ ጅራቱን ከአሮጌ ትራስ ልብስ ቀደድኩለት። ጎረቤት ሁሉ እራት ላይ እያለ ወጥቼ በራፌ ላይ ሰቀልኩት። ራሴ ለራሴ።

ጠዋት ፐርል አየችውና ጮኸች። "ደረሰሽ! ማነው? ማነው?"

"ሕጉ ምስጢር ነው ይላል።"

"ወንድ ነው?"

"ታዲያ ድመት ነው?" አልኳት።

ይኸው ነው ያልኩት። ፐርል ግን የሰማችው ሌላ ነው። ምሳ ሳይደርስ ኔልዳ ወንድ አላት የሚለው ወሬ ሐዲዱን ተሻግሮ ኮረብታውን ወጣ። ሲወራ ደስ አለኝ። ይስማ፣ ይቃጠል አልኩ። የተቃጠልኩት እኔ እንደሆንኩ ያወቅኩት በኋላ ነው።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ ከላይ ሰፈር ላሉ የትምህርት ቤታችን ልጆች ቅርጫት ይዤ ወጣሁ። መንገዱ በክላሪስ ቶርንበሪ ደጅ ያልፋል። ክላሪስ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የነበረ ሰው መበለት ናት፤ ፀጉሯ ነፋስ አይነካውም፤ ስትስቅ ጥርሷ ሁሉ ይቆጠራል። በራፏ ላይ መንፈስ ተሰቅሏል፤ ከሐር ነው የሠራችው። መስኮቷ ላይ የደረሳት ቅርጫት ለዓይን ተቀምጧል።

ቆምኩ። እግሬ ነው የቆመው፣ እኔ አላዘዝኩትም።

ቅርጫቱ ላይ የፈንዲሻ እጅ ነበረች። አምስቱም ጥፍሮች ተገልብጠዋል፤ ሹሉ ወደ ውስጥ፣ ወፍራሙ ወደ ውጭ። የዳክዬ እግር። በዚች ከተማ እንዲህ ያለ እጅ የሚሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው። የቀለበት ጣቷም ላይ ያቺ ሸረሪት ተቀምጣለች።

እኔ ቤት፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ፣ እኔ ያስተማርኩት እጅ! ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል።

ክላሪስ አየችኝና ወጣች። "ኔልዳ፣ ውዴ! ለኔ ነው? ይቅርታ፣ እኔስ ደርሶኛል፤ መንፈሴን አላየሽም?"

"አይቻለሁ። ሐር ነው። የርስዎ መንፈስ ከኔ ቀሚስ ይበልጣል።"

ሳቀች። "እስኪ አንቺ ባለሙያ ነሽ፣ ተመልከቺልኝ። ማን የሠራው ይመስልሻል?" ብላ ቅርጫቱን አምጥታ አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

"ጥፍር የማያውቅ ሰው።"

"ቀለበት ግን ያውቃል" አለች። ሸረሪቷን ከፈንዲሻው ጣት አውልቃ በራሷ ጣት አጠለቀቻት፤ እጇን ዘርግታ ወደ ብርሃን አዞረቻት። "ልኬ ናት! ይገርምሻል፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ ቀለበት ጣቴን አልነካውም።"

የላስቲክ ናት እኮ። ልጅ አኝኮ የሚተፋት። እኔ ግን አልማዝ ያየሁ ያህል ዓይኔ ደም ለበሰ። እንኳን ደስ አለዎት ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ሳል ብቻ ነበር። ወርጄ ቤቴ ስደርስ መስኮቴ ላይ ያለችውን እጅ አየኋት። ለሌላ ሴት ሰላም ሲል የኖረ እጅ መሰለኝ።

በማግስቱ ከሱ ተውሼ ቀለም የቀባሁበትን ብሩሽ ልመልስ መደብሩ ሄድኩ። ልመልስ ስል ውሸቴን ነው፤ ልጣላ ነው የሄድኩት።

"ብሩሽዎን ይኸው፣ ሚስተር ሃሎራን።"

"አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ኔልዳ።"

ወይዘሮ! አንቺ ሲለኝ፣ ኔልዳ ሲለኝ ከርሞ ወይዘሮ ሆንኩ። ጆሮውን አየሁት፤ ነጭ ነው፣ እንደ ወረቀት።

"በራፍዎ ላይ ያለው መንፈስ ያምራል ይላሉ" አለ፣ ዓይኑን ከሚስማር ሳጥኑ ሳያነሳ።

"ቀለበትዎም ያምራል ይላሉ። ጣት አግኝቷል።"

"ደጁ የተያዘበት ሰው ባዶ ወዳለው ይሄዳል።"

"ከሐዲድ በላይ ያለ ደጅ ደግሞ ሲሄዱበት አይጨቀይም፣ አይደል?"

እጁ ሳጥኑ ውስጥ ቆመ። "ቀደመኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ቀደመኝ እንጂ ጭቃ ፈርቼ አይደለም። ማነው እሱ?"

እዚህ ላይ አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ማንም የለም ብል ይበቃ ነበር። ግን ያን ያልኩ እንደሆነ መንፈሱን ማን ሰቀለው ይለኛል። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔም ዋጥኩት።

"በኔ ደጅ ምን አገባዎት?" አልኩት።

"ምንም" አለ። "ምንም አያገባኝም፣ ወይዘሮ ኔልዳ።"

በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ። የበሩ ደወል ከኋላዬ ሲንጫረር ሰማሁት። ሐዲዱ ጋ ደርሼ ረጅም የጭነት ባቡር ሲያልፍ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ባቡሩ በመጮሁ ደስ አለኝ፤ የኔን ማንም አልሰማውም።

የሃሎዊን ምሽት ደረሰ። ሰፈሩ በትናንሽ ጠንቋይና በትናንሽ አጽም ተሞላ። እኔ በራፌ ላይ ወንበር አውጥቼ ከረሜላ አድላለሁ። ነፋስ ሲመጣ የሰቀልኩት መንፈስ እየተወዛወዘ ራሴን ከኋላ ይመታኛል። ቀደመኝ ያላት ቃል ሰሞኑን ስበላ አብራኝ ትበላ፣ ስተኛ አብራኝ ትተኛ ነበር። ከረሜላውን ለልጆች እየዘረገፍኩ ድንገት ገባኝ። ባልተጓዘበት መንገድ ማንም አይቀደምም። ቀደመኝ ያለው መጥቶ ነበርና ነው! ደጄ ድረስ፣ ሐዲዱን ተሻግሮ፣ ቅርጫት ይዞ መጥቶ ነበር። መጥቶ መንፈሱን አየ። መንፈስ ያለበት ደጅ ደግሞ አይነካም።

ብድግ ስል ከረሜላው ተደፋ። መንፈሱን ከነሚስማሩ ነቀልኩት።

"ወዴት ነው?" አለች ፐርል ከአጥሩ ማዶ። "እራትሽ አያርርም?"

"ይረር! ድመት እንዳልነበር ልናገር ነው!"

"ምን?"

ሐዲዱን ተሻግሬ ኮረብታውን ወጣሁ።

የኤሜት በረንዳ ላይ ዓይንና አፍ የተቀረጸባቸው ዱባዎች ሻማ በልተው ይስቃሉ። ሣሩ ላይ ልጆች ከነወላጆቻቸው ቆመዋል፤ ግማሾቹ በኔ እጅ ምሳ የበሉ ናቸው። ኤሜት ከረሜላ የሞላ ገበቴ ይዞ ቆሟል። አጠገቡ ደግሞ፣ ወንበር ላይ፣ ትኩስ የፖም ጭማቂ ይዛ፣ ክላሪስ። ሸረሪቷ ጣቷ ላይ ናት። ያን ሳይ ልመለስ አልኩ። እግሬ ግን ልማዱ ነው፣ አላዘዝኩትም፣ ደረጃውን ወጣ።

መንፈሱን ገበቴው ላይ፣ ከረሜላው መሐል ጣልኩት።

"ማነው ብለው ጠየቁኝ" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ሣሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። "ማንም የለም። ራሴ ነኝ የሰቀልኩት። በወረቀት ሳህን። ለሰው ሁሉ ሲደርስ ለኔ ሳይደርስ ቀርቶ፣ አሳዘነችን እንዳይሉኝ ብዬ። ከእርስዎ በቀር አንድም ወንድ፣ አንድም ድመት ደጄን አልረገጠም። ደጄ ባዶ ነው። ባዶ ነበር፣ ዛሬም ባዶ ነው። ሲያሙኝ ሰምተዋል፤ እውነቱን ደግሞ ከኔ ይስሙ።"

ኤሜት ገበቴውን እንደያዘ ቀረ። ጆሮው እንኳ መቅላቱን በሻማ መለየት አልቻልኩም።

የተናገረችው ክላሪስ ናት። እጇን አየች፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እሱን። ያ ጥርስ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። "ለካ ሌላ ደጅ ተይዞበት ነው" አለች። ሸረሪቷን ቀስ ብላ አወለቀቻት። ትንሽ እምቢ ብላት ነበር፤ ጣቷ ላይ ቀይ ክብ ቀርቷል። ገበቴው ውስጥ ጣለቻት። "ቆንጆ ነበረች እኮ" አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ያ ቀይ ክብ የራሴ ጣት ላይ ያለ ይመስል አመመኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ክላሪስን ወይዘሮ ቶርንበሪ ሳልላት፣ ዝም ብዬ ትከሻዋን ነካኋትና ወረድኩ። ከኋላዬ ማንም አልጠራኝም። ኮረብታውን ስወርድ፣ ይኸው ተናገርሽ፣ ይኸው አለቀ አልኩ። ከተማው ሁሉ ሰምቷል፤ እሱ ግን ዝም አለ።

ቤቴ ገብቼ ያረረውን እራት ከድስቱ መፋቅ ጀመርኩ። ውጭ የልጆቹ ጫጫታ እየቀነሰ ነው። መስኮቱ ላይ ያለችውን የዳክዬ እግር ጀርባዋን አዞርኳት።

ደወሉ ጮኸ።

ልጆች ናቸው ብዬ የተረፈውን ከረሜላ ይዤ ሄድኩ። ስከፍት ከእግሬ ሥር ቅርጫት አለ። የቡና ቆርቆሮ ነው፤ ቀለሙ ገና እጅ ይይዛል። ላዩ ላይ እጅ አለች። ጥፍሮቿ ሁሉ ተገልብጠዋል።

ቀና አልኩ። ኤሜት ደረጃው ላይ ቆሟል፤ ትንፋሽ አጥሮታል፣ መዳፉ ብርቱካናማ ሆኗል።

ብዙ ልናገር ነበር። ያ ሁሉ እልህ፣ ያ ሁሉ ምላጭ። የመጣልኝ ግን ይኼ ብቻ ነው፦

"ሕጉ ደውለህ ሩጥ ይላል።"

"አውቃለሁ። የዚያን ቀንማ መንፈሱን ሳይ ሳልደውል ሮጫለሁ። ላንቺ የሠራሁትን ቅርጫት ይዤ፣ እየተናደድኩ ኮረብታውን ሮጥኩና ባዶ ያገኘሁት ደጅ ላይ ጥዬው ሄድኩ። የማን ደጅ እንደሆነ እንኳ አላየሁም።"

"ደውለህ ቢሆን እኮ..."

"ሌላ ሰው ከውስጥ ቢከፍትልኝስ?" አለኝ። "ያን ማየት ስላልቻልኩ ነው።"

ለካ እሱም! ለካ ያ ረጅም ሰው፣ ባለ ጡቡ፣ በኔ የወረቀት ሳህን ሲቃጠል ከርሟል! ያ ሁሉ ቀን እኔን ብቻ የበላ መስሎኝ ነበር። ልቤ በደስታ ይሁን በጭካኔ ባላውቅም ሞቅ አለ።

"ዛሬስ ለምን አልሮጥክም?"

"እግሬ እምቢ አለኝ፣ ኔልዳ።"

"ግባ" አልኩት። "ግባ፣ ኤሜት።"

ስሙን ሲሰማ ጆሮው ቀላ። በበራፌ መብራት ነው ያየሁት፤ አልተሳሳትኩም። ወደ ውስጥ ሲያልፍ ከኪሱ መንፈሴን አውጥቶ ሰጠኝ፤ ጅራቱ ላይ ከረሜላ ተጣብቋል። እጁን አየሁ። ሸረሪቷን አላመጣትም፣ ደግ አደረገ፤ የሌላ ሴት ጣት የለካችውን አላጠልቅም፣ እንዲህ ነው የተፈጠርኩት። በእሷ ፈንታ ብርቱካናማ መዳፉን ዘረጋልኝ።

አንድ እጄን ሰጠሁት። በሌላው እጄ ግን መንፈሱን መልሼ በራፌ ላይ ሰቀልኩት፣ ጠበቅ አድርጌ፣ ከሐዲዱ በላይም በታችም ያለ ሰው ሁሉ እንዲያየው። አሁን ውሸት አይደለም። ደርሶኛል። ማንም ደግሞ እንዳይነካብኝ።